የጌም ክፍሉ ዱቡሻ

እንደ ማንኛውም ሰው በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ለባለቤቴ ደህና ነኝ ብዬ፣ ለርዕሰ መምህሬ ታምሜ ነበር ብዬ፣ ለተማሪዎቼ ግጥማችሁ ግሩም ነው ብዬ። ከእነዚህ አንዱም እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስጽፈው ውሸት መሆኑን እንኳ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩትን፣ ባማረ አማርኛ በሦስት ገጽ አስፍሬ በፊርማዬ ያጸናሁትን ነው። ያን ውሸት ከአፌ ያወጣችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ያወጣችበትም ቦታ ደጃፉን አልረግጥም ብዬ የማልኩበት፣ ጎረምሶች በቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱበት ክፍል ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት በአማርኛ መምህርነት ተመድቤ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ ዝውውር ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሙቀቱን እየረገምኩ ሙዙን እየበላሁ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ቤቴ ውስጥ ከዕቃ ይልቅ መጽሐፍ ይበዛል፤ አልፎ አልፎም መጣጥፍ እጽፋለሁ። ከሰው ጋር የምስማማውም ከስንት አንዴ ነው፤ ሁሉም የተስማማበት ነገር ሲገጥመኝ የሆነ ቦታ የተሳሳተ ነገር እንዳለ እጠረጥራለሁ። ይህ ጠባይ ጓደኛ ያሳጣል እንጂ ኮሚቴ አያሳጣም። በትንሽ ከተማ አንብቧል የተባለ ሰው ከኮሚቴ አያመልጥም፤ እኔም የአንዲት ትንሽ የሕዝብ ንባብ ቤት አስተዳደር ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመረጥኩ።

ንባብ ቤቷ በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ከሲቀላ ገበያ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ፣ የመናኸሪያው ጥሩምባ የሚሰማባት፣ ቆርቆሮዋ ከቀትር በኋላ በሙቀት የሚንጣጣ ቤት ነበረች። ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር ትባላለች። የጋሞ ደጋ ተወላጅ ናት፤ የወንጌል አማኝና የሦስት ልጆች እናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ሐሳቧን ስትለውጥም አይቻት አላውቅም።

ጊዜው ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት የተቆጠሩበት፣ በሲቀላ ጌም ቤት በየቅያሱ የተከፈተበት፣ ወላጅ የጠፋ ልጁን በቀጥታ ከዚያ ሄዶ የሚያገኝበት ዘመን ነው። አንድ የወይዘሮ አስቴር ቤተ ክርስቲያን አባል ጌም ቤቱን ዘግቶ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ ሁለት ማጫወቻና ሁለት ቴሌቪዥን ለንባብ ቤቷ ሰጠ። እሷም ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል አስጠርጋ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች መጥተው እንዲጫወቱ ይፈቀድልኝ ብላ ለኮሚቴው አመለከተች። ልጆቹ ወደ መጻሕፍቱ ካልመጡ የሚወዱትን ነገር ወደ መጻሕፍቱ እናምጣው አለች።

«በዚህ ሒሳብ ከሆነ፣ ሰካራሞች እንዲያነቡ እዚሁ ጠላ እናስጠምቅ» አልኳት።

ኮሚቴው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ጠላ አይደለም፣ መምህር። ኳስ ነው» አለች።

ድምፅ ሲሰጥ በአንድ ሰው ብልጫ አለፈላት። ሰው በቀልዴ ስቆ በድምፁ ሲከዳኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልረሳሁትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጥሩ ወሬ አውርቶ የማያውቀው ጎረቤቴ አቶ መኮንን፣ ልጆቹ ጌም ክፍሉ ውስጥ ተደባድበው መጽሐፍ ተወራወሩ አሉ አለኝ። ማን እንዳለው አልጠየቅኩትም። ለምን እጠይቃለሁ? ስጠብቀው የነበረ ወሬ ነው። የዚያኑ ዕለት ቤቴ ገብቼ ለኮሚቴው ሊቀመንበር ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ትውልድ ጻፍኩ፣ ስለ ንባብ ባህል ጻፍኩ፣ የመጽሐፍን ክብር ከአንድ ሁለት የግዕዝ ሐረጎች ጋር አዋደድኩ። ድብድቡ ላይ ስደርስ «ተደባደቡ ይባላል» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩት። ደካማ ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከፍ ያለውን ደብዳቤ መሬት ላይ ይጥለዋል። ሰረዝኩትና «ወጣቶቹ ሲደባደቡ፣ መጻሕፍትን እንደ ድንጋይ ሲወራወሩ በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ዓረፍተ ነገሩ በእግሩ ቆመ። ምን ያህል እንደ ረካሁ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አንብቦ ስለ ብዕሬ አመሰገነኝ። የዓይን ምስክር እስካለ ድረስ ምርመራ አያስፈልግም አለ። በሚቀጥለው ሰኞ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለት ነገር ሊወስን ነው፦ ጌም ክፍሉ ይዘጋል፤ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ ራቅ ወዳለው ካምባ ትዛወራለች። ካምባ ደህና አገር ነው፤ ገበያውም ሰውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሦስት ልጆቿ ሲቀላ ለሚማሩ፣ እናቷ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑባት ሴት ካምባ ቅጣት ነው፤ ዝውውሩን ያሰቡት ሰዎችም ይህን ያውቁታል። እኔ የፈለግኩት ክፍሉ እንዲዘጋ እንጂ እሷ እንድትሄድ አልነበረም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። ለሊቀመንበሩ ግን አልነገርኩትም።

ሰኞ ቀርቤ ያየሁትን በቃል እንዳስረዳ ሲጠይቁኝ ነው ችግሩ የመጣው። ክፍሉ ስንት ሰው ይይዛል? ልጆቹ ምን ላይ ይቀመጣሉ? የዓይን ምስክሩ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማስታወሻ ደብተሬን በኪሴ ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። አይቻለሁ ያልኩትን ነገር ለማየት መሄዴ ነው።

ወይዘሮ አስቴር ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ተቀበለችኝ። የደብዳቤዬ ግልባጭ እንደደረሳት አውቃለሁ፤ እሷም ማወቄን ታውቃለች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር» አለችኝ። «ወደ ጌም ክፍሉ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣትዎ ነው ማለት ነው።»

በሩን በእጇ አሳየችኝ። ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጀርባ በስተግራ ነበር።

ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ግድግዳውን ተከትለው በክብ በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠዋል። ከግማሽ የሚበልጡትን አስተምሬያቸዋለሁ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ቁጭ በሉ አልኳቸው። ማንም አልተደባደበም። መሐል ላይ ታምራት የሚባል ረዥም ቀጭን ልጅ ቆሞ ስለ ንብ ማነብ ያወራል። ጆይስቲክ መያዝ የሚፈልግ ልጅ በሳምንቱ ያነበበውን መጽሐፍ ለጓደኞቹ በቃሉ መናገር፣ ከዚያም ጥያቄ መመለስ አለበት፤ መመለስ ያልቻለ ተራው መጨረሻ ይሄዳል። ይህን ደንብ በደብዳቤዬ አልጠቀስኩትም፤ አላውቀውም ነበራ። አንዲት ልጅ፣ ንግሥቲቱ ንብ ስትሞት ቀፎው ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው። ታምራት አንገቱን አከክ አድርጎ በትክክል መለሰ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ልብ ወለድ ሳስተምረው አንድ ቀን እጁን አውጥቶ አያውቅም። ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ ተናደድኩ።

ከዚያ ታምራት ኤርሚያስ ከሚባል አጭር፣ ነገረኛ ልጅ ጋር ኳሱን ጀመረ። እኔ ስክሪኑንም ልጆቹንም ከሚያሳየኝ ጥግ ለመቀመጥ ወንበር ሳብኩ። ኤርሚያስ ሁለት ለባዶ እየመራ ነው። ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ ሳደርግ ከጫማዬ ሥር አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ፤ ያኔውኑ ስክሪኑ ጠፋ። ወደ ታች አየሁ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሽቦ ከተረከዜ ሥር ነው፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ግማሽ ወጥቷል።

«ነቀላት!» አለ ኤርሚያስ ዘሎ እየተነሣ። «ሲሸነፍ ሁልጊዜ ይነቅላል!»

ሶኬቱ በታምራት በኩል ነበር፤ በእሱና በእኔ መካከል። እኔን ማንም አላየኝም። እኔን ማን ይጠረጥራል?

እግሬን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁ። ስመኘው የነበረው ጠብ በገዛ ጫማዬ ሊወለድልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ ቢደባደቡ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ቢወረወር፣ ደብዳቤዬ እውነት ይሆናል፤ ቀኑ ብቻ ነው የሚለያየው።

ግን አልተደባደቡም። ስለ ንግሥቲቱ ንብ የጠየቀችው ልጅ፣ ማርታ ትባላለች፣ ተነሥታ ሁለተኛውን ቴሌቪዥን አጠፋች። ሁሉም ወደ አግዳሚው ተመለሱ። ኤርሚያስ ሳይቀር ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ። ወይዘሮ አስቴር በሩ ላይ መጥታ ቆመች፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዱቡሻ ሊቀመጡ ነው።»

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር የሚጨርሱበት አደባባይ ነው። እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ የተቀመጠ ሁሉ ይጠየቃል፤ በዚያ ቦታ የዋሸ ሰው ደግሞ ጎሜ ይይዘዋል ይባላል፣ ጥፋቱ በእሱ ሳያበቃ ለቤቱና ለከብቱ የሚተርፍ መዘዝ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ስኖር ስለ ዱቡሻ ሁለት የጥናት ወረቀት አንብቤያለሁ። አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ልጆቹ ከራሳቸው መካከል በየወሩ አንድ ሃላቃ፣ ማለትም ጉባኤውን የሚመራ ሰው፣ ይመርጣሉ፤ የዚያ ወር ሃላቃ ማርታ ነበረች። ሴት ልጅ ሃላቃ ስትሆን አያቶቻቸው ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አስቤያለሁ።

ይህን ማን አስተማራቸው ብዬ ወይዘሮ አስቴርን ጠየቅኳት። ማንም አላስተማራቸውም፣ ጠብ ሲያስቸግራቸው ራሳቸው አመጡት አለችኝ። ቤተ ክርስቲያናችሁስ ዝም አለ ወይ ስላት፣ «ጠይቀውኛል። አምልኮ አይደለም፣ ተራ መጠበቅ ነው አልኳቸው» አለች።

ማርታ ከኤርሚያስ ጀመረች። ታምራት ሲነቅል አይተሃል ወይስ ሰምተሃል አለችው።

«እሱ እኮ ነው አጠገቧ የተቀመጠው። ደግሞ ባለፈው ወር —»

«አይተሃል?»

ኤርሚያስ ወለሉን አየ። «አላየሁም» አለና ተቀመጠ።

ቀጣዩን ጠየቀች፤ አላየም። ቀጣይዋን ጠየቀች፤ ድምፅ ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም አለች። ታምራት ተራው ሲደርስ ተነሣ። «ባለፈው ወር ነቅያለሁ። ተናግሬያለሁ፣ ተቀጥቻለሁ። ዛሬ አልነቀልኩም» አለ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጉረመረመም። ሁለተኛ ጊዜ ከተገኘበት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍሉ ውስጥ እንደማይገባ ደንቡ ግድግዳው ላይ በእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል።

ጥያቄው በክቡ እየዞረ ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ ስምንት ልጆች ቀሩ፤ ከዚያ አምስት። እኔ ደግሞ ክርክር ጀመርኩ፤ ለዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሠልጥኛለሁ። በመጀመሪያ እኔ የኮሚቴ አባል ነኝ፤ ልጆች አይጠይቁኝም። ሁለተኛ፣ ቢጠይቁኝም «አላየሁም» ማለት ውሸት አይደለም፤ ሽቦውን የነካው እግሬ ነው፣ ዓይኔ ያየው በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ከዚህ በፊት ስላደረገው ቢቀጣ ምን ይጎዳል? ሦስት ልጆች ቀሩ። አንደኛው ክርክሬ ከሌላው እየባሰ መምጣቱን እያወቅኩ አራተኛ ፈለግኩ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር በግልጽ ታየኝ፤ አሁን ለራሴ የምደረድረው ነገር ደብዳቤውን ስጽፍ ከደረደርኩት ጋር በዓይነቱ አንድ ነው። ያኔ ግን የሚጠይቀኝ ስላልነበር ክርክር መሆኑ አልታወቀኝም።

«ቲቸር፣ እርስዎስ?» አለች ማርታ።

«እኔ እንግዳ ነኝ፣ ልጄ። ጨዋታችሁን ቀጥሉ።»

«እንግዳም ያያል፣ ቲቸር።»

አልተቆጣችም፣ አላፈጠጠችም። ጠበቀችኝ። ሃያው ሁሉ ጠበቁኝ። እኔ ባደግኩበት ሸንጎ ዝም ያለን ሰው አንዱ ተነሥቶ ይናገርለታል፣ ወይም ነገሩ ይታለፋል። እዚያ ግን ዝም ያለ ሰው እስኪናገር ዝም ይሉለታል። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። ታምራት እኔን አያየኝም፤ እጁ ላይ ያለውን ጆይስቲክ ነው የሚያየው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ወንበር ስስብ ሽቦውን ረግጬው ነው።»

ታምራት ቀና አለ።

«ያኔውኑ አውቀዋል?» አለች ማርታ።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። «አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አለ ኤርሚያስ። ማርታ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ተራው አልነበረም። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ስትጣሉ ማየት ፈልጌ ነው» አልኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስናገር አማርኛዬ እንዴት ድሃ እንደሆነ ሰማሁት። አንድም ጌጥ የለውም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማርታ «የቀረ አለ?» አለችኝ።

በኋላ እንደገባኝ ይህን የምትጠይቀው እኔን ብቻ አይደለም። ጥፋቱን የተናገረን ሁሉ ትጠይቀዋለች፤ ከአያቷ የሰማችው ነው። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ያስቀረ ሰው ጭራሽ ካልተናገረው ይብሳል ይላሉ፣ የዳነ መስሎት ይሄዳልና። ልጅቷ ስለ ደብዳቤው የምታውቀው አልነበረም። አላወጣጣችኝም። የለም ብል አምና ትቀመጥ ነበር።

ወደ በሩ አየሁ። ወይዘሮ አስቴር እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ፊቷ ላይ ልመና የለም፣ ቁጣም የለም። ሰኞ ካምባ ልትላክ ነው፤ ልጆቿና እናቷ እዚህ ሊቀሩ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ማስረጃው አንድ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው።

«አለ» አልኩ። «ደብዳቤ ጽፌያለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ክፍላቸው ሰኞ ሊዘጋ እንደሆነ፣ ወይዘሮ አስቴር ልትዛወር እንደሆነ፣ መጽሐፍ ሲወራወሩ አይቻለሁ ብዬ መፈረሜን። ክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያው ጉርምርምታ ያኔ ተነሣ። ኤርሚያስ ተራውን ረሳው፦ «መቼ ነው መጽሐፍ የተወራወርነው? እኛ መጽሐፍ የምንነካው እጃችንን ታጥበን ነው!» ማርታ እስኪበርዱ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች።

«አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?»

«ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«ካላየ ሰው» አልኳት።

ከዚያ ስለ ቅጣቴ ተነጋገሩ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ። ኤርሚያስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ንባብ ቤቱ ድርሽ እንዳይል አለ። ሌላው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ይቅርታ ብሎ ይሂድ አለ። አንዲት ልጅ፣ ሦስት ገጽ ስለዋሸ ሦስት መጽሐፍ አንብቦ ይንገረን አለችና ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። በመጨረሻ ማርታ ተናገረች። ቃሉ የተነገረው እዚህ ስላልሆነ እዚህ ይቅርታ ማለት አይጠቅምም፤ በተነገረበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ይመለስ አለች። ሰኞ አለች። ሁሉም ተስማሙ። ሁሉም የተስማማበት ነገር ላይ ስህተት የመፈለግ ልማዴ አልሠራልኝም።

ሶኬቱን ራሴ ጎንበስ ብዬ ሰካሁት። ጨዋታው ከዜሮ ተጀመረ። «የእኔ ሁለት ጎልስ?» አለ ኤርሚያስ፣ ወደ እኔ እያየ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። «የመረጃ ክፍተት» የሚል አንድ ጻፍኩ፣ «በተደረገ ማጣራት» የሚል ሌላ። አራተኛውን ስቀድ ባለቤቴ ከሳሎን ሆና፣ «ስትዋሽ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስከው፤ ስትመልሰው ምነው ቀን ፈጀብህ?» አለችኝ። ወረቀቱን ትቼ ተነሣሁ።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ የዓይን ምስክራችን ያስረዱን ብሎ ዕድሉን ሰጠኝ። ቆሜ፣ አላየሁም፣ ደብዳቤው ውስጥ አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው አልኩ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀና፣ መቼም የመረጃ መዛባት አጋጥሞ ይሆናል አለኝ።

«መዛባት አይደለም። ዋሽቻለሁ።»

«መምህር፣ ደብዳቤው እኮ ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል።»

«ለዚህኛውም ቁጥር ይስጡት» አልኩት።

ከዚያ የመጣው ነው ከባዱ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክብሬን ሊያተርፍልኝ ፈለገ። የወይዘሮ አስቴር ዝውውር ይቅር፤ ክፍሉ ግን በፀጥታ ይዘጋ፤ ስለ ደብዳቤው ቃለ ጉባኤው ላይ ምንም አይጻፍ አለ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔም ልነቀንቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ክፍሉ እንዲዘጋ እኮ የፈለግኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ትድናለች፣ እኔ እድናለሁ፣ ጌሙ ይጠፋል። ከዚህ የተሻለ ስምምነት የት ይገኛል? ታምራት ጆይስቲኩን ሲያይ ትዝ አለኝ። ምስክርነቱ ውሸት ከሆነ በእሱ ላይ የቆመ ውሳኔ በሙሉ ይወድቃል፣ ግማሹ አይቆምም አልኩ። ዋሽቻለሁ ያልኩት ቃል እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ ጠየቅኩ።

ተጻፈ። ዝውውሩም መዘጋቱም ቀረ። እኔ ከኮሚቴው ተነሣሁ። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ለትምህርት ቤቴ ደረሰ፤ በመምህራን ክፍል አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስሜ «የዓይን ምስክር» ነበር። ወንበር ስስብ «ሶኬት!» የሚሉኝም ነበሩ። ክፍሉ ግን ማጫወቻዎቹ አርጅተው እምቢ እስኪሉ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲከፈት ኖረ።

አሁን እናንተ አንባቢዎቼ፣ ጌም ልጆችን ያንጻል ብዬ እንድደመድም ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ዛሬም ጌም አልወድም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የቴሌቪዥን ኳስ ሲያሳድድ የዋለ ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ አጥቷል ባይ ነኝ። ወይም ደግሞ ስለ አገር በቀል ጥበብ እንድዘምር ትጠብቁ ይሆናል። ለዚያ ዘማሪ ሞልቷል፤ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ስለ ዱቡሻ ሲያወሩ ውለው አንዳቸውም ሌላውን «አይተሃል?» ብለው የማይጠይቁ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

የምላችሁ ከዚህ ያነሰ ነው። ብዙ በማንበቤ የምመካ ሰው ነበርኩ፤ ያነበብኩት ሁሉ ውሸቴን እንዳሳምር እንጂ እንዳልዋሽ አልረዳኝም። መጽሐፍ አይጠይቅም። አንባቢም አይጠይቅም፤ እናንተም ስንት ዓመት የጻፍኩትን ስታነቡ አንዳችሁ «የት አየኸው?» ብላችሁኝ አታውቁም። ከዚያ ሰኞ በኋላ መሳቢያዬ ውስጥ የነበሩ ሦስት መጣጥፎችን አውጥቼ አነበብኩና ቀደድኳቸው፤ ውስጣቸው እኔ ያየሁት ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው አጥሯል። ብዕሩ ደከመ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ፤ ይህን እንኳ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ አስቴርን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። የልጆች መታወቂያ ላይ ማኅተም እየመታች ነበር። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ግማሽ እንኳ ሳልደርስ ማኅተሙን አስቀምጣ አየችኝ።

«ይቅር ብያለሁ፣ መምህር። ከልቤ ነው» አለችኝ። «ወደ ኮሚቴው ግን እንዳይመለሱ።»

አልተመለስኩም።